እረኛ ምን አለ? ጸሐፍት ስለ ሰው ባሕርይ የሚሉትን የማንበብ ዘዴ

"ሰው ማለት…" ብሎ የሚጀምር ጥቅስ ሳያጋጥመው የሚውል የቴሌግራም ተጠቃሚ የለም። ከሥሩ የታወቀ ደራሲ ስም፣ ከኋላው የምትጠልቅ ጀንበር ፎቶ። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካፌ የተቀመጠ ወጣት ማኪያቶው እስኪመጣ ሦስቱን ያነባል፤ አንዱን ለጓደኛው ይልካል፤ ያስቀየመውን ሰው ሸንቆጥ የሚያደርግለትን ደግሞ ራሱ ይለጥፋል። ስለነዚህ ጥቅሶች ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ "ደራሲው በርግጥ ብሎታል ወይ?" የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በትክክል የተጠቀሰው ነው። ቃሉ ሳይዛነፍ ከመጽሐፉ ተቀድቶ ወጥቷል፤ የተናገረው ገጸ ባሕርይ መጽሐፉ ውስጥ ቀርቷል። ደራሲ ስለ ሰው የሚያውቀውን የሚያስቀምጠው ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ነው፦ ቃሉን ለማን አፍ እንደሰጠ፣ ማን እንዲሰማው እንዳደረገ፣ ተናጋሪውስ ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠመው።

ድሮ ገዥዎች "እረኛ ምን አለ?" ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ይነገራል። ረጋ ብሎ ላሰበው ጥያቄው እንግዳ ነው። ዙሪያውን መኳንንትና መካሪ ሞልቶ ሳለ የአገሩን ሆድ ዕቃ ለማወቅ የሚፈለገው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። መካሪ የሚያጣው ሹመት አለው፤ እረኛ ግን የሚያዜመው ለሜዳው ነው፣ ቢያዝም "ከሰው የሰማሁትን ነው" ይላል። ጥያቄው ስለ ጠያቂውም ይመሰክራል። ፊት ለፊት ቢነገረው እንደማይታገሥ ገዥው ራሱ ያውቃል፤ ለዚህ ነው በሜዳ በኩል ዞሮ እንዲመጣለት የሚያደርገው።

የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ያውቀዋል። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ "በደልህ" አላለውም። ብዙ በግ ያለው ባለጸጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረደ አወራለት። ዳዊት ተቆጣ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። "ያ ሰው አንተ ነህ" የተባለው ከፈረደ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ናታን በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ፍርዱን ትቶ ወደ መከላከያ ይገባ ነበር። ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን እውነት የሚያስገባው መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ሲመስለው ነው። "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" እያልን ለጌጥ የምናነሣው ልማድ፣ ከጌጥነቱ በፊት፣ ይህን የሰው ድካም ለማለፍ የተበጀ ዘዴ ነው።

ጎጃም ዘዴውን ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምር የኖረ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የታወቁባቸው የቅኔ ጉባኤዎች ናቸው፤ በጽላሎ ደግሞ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የአባታቸውን ወንበር ይዘው ቅኔ አስተምረዋል። ተማሪው ከግስ ይነሣል። ቀጥሎ 2 ቤት (ስንኝ) ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሲጸናለት 3 ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ከዚያ እያለ 6 ቤት ወዳለው ሥላሴና 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የቀኑ ሥራው ቆጠራ ነው፦ ከጥሻ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሰሙን፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማውን ትርጉም፣ ከወርቁ፣ ከተሸሸገው ትርጉም ጋር ማጋጠም። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይህኛው ነገራ ይባላል። አንዱ እየነገረ ሌሎቹ ስለሚሰሙ ስሕተት የሚታረመው በጉባኤ ነው፤ የአንዱ እርማት ለሁሉም ትምህርት ይሆናል።

የኔታ ተማሪውን የሚያቆሙት በሰዋስው ብቻ አይደለም። "ሰምህ ወርቅህን አልቻለውም" የሚል እርማት ካለ፣ ችግሩ ተማሪው ወርቁን ለመናገር ቸኩሎ ሰሙን ለይስሙላ አስቀምጦታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቅኔ ስብከት ይሆናል፤ ሰሚው ገና ከመጀመሪያው "ወደኔ እየመጣ ነው" ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው ጥብቅ ልማድ ደግሞ ቅኔ አዲስ ይሁን የሚለው ነው። የሌላውን ቅኔ፣ ወይም የራስን የአምናውን፣ ዘንድሮ ማሕሌት ላይ ይዞ መቆም ያሳፍራል። ዘመናችን ከጥቅስ ጋር ካለው ፍቅር ጋር ይህን ማነጻጸር ነው፤ እኛ አንዱን ቃል ጥርሱ እስኪረግፍ እንቀባበለዋለን።

ጉባኤው በግእዝ ነው። አሠራሩን ለማሳየት ግን ለዚሁ ጽሑፍ የተሠራች አንዲት ባለ ሁለት ስንኝ የአማርኛ መንቶ ትበቃለች፦

ከቤቴ ተጠርቶ እንጀራዬን በላ፤
ሆዱ እስኪሞላ፣ ከዚያ ወዲያ ጠላ።

ሰሙ የድግስ ወሬ ነው፦ እንግዳው ተጠራ፣ በላ፣ ሲጠግብ ወደ ጠላው ዞረ። ኅብሩ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም በአንድነት የያዘው፣ "ጠላ" የሚለው ቃል ነው፤ መጠጡም ግሱም በድምፅ አንድ ናቸው፣ በሁለቱም "ላ" ይጠብቃል። ወርቁ ከሁለተኛው ስንኝ ይወጣል፦ የወደደኝ ሆዱ እስኪሞላ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጠላኝ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ የሰመረ ኅብር ሲነበብ ይፈርሳል። "ገና" የሚለውን እንይ፦ በዓሉ ሲሆን "ና" ይጠብቃል፣ "ገና አልደረሰም" ስንል ይላላል። በዚህ ቃል ኅብር የሠራ ሰው ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልሠራም። ሌላው ስሕተት ሰሙ ከኑሮ ጋር መጋጨቱ ነው። ማንም የማያውቀውን የድግስ ሥርዓት ሰም ያደረገ ገጣሚ፣ ሰሚው ገና በሰሙ ላይ "ይህማ የት አለ?" ብሎ ስለሚቆም ወርቁ ላይ አይደርስለትም።

ይህችኑ መንቶ ስለ ሰው ባሕርይ ምን ትላለች ብንል፣ የመጀመሪያው መልስ "ሰው ውለታ ቢስ ነው" የሚል ይሆናል። ለቴሌግራም ይበቃል። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ሌላ ነገር አለ፦ "ከቤቴ"፣ "እንጀራዬን"። ገጣሚው ራሱን ያስቀመጠው ጋባዡ ወንበር ላይ ነው። ስለ ውለታ ቢስነት ከተገጠመው ሁሉ ስንቱ ነው በበላተኛው አፍ የተገጠመው? ሁላችንም የሰው እንጀራ በልተን ፊታችንን ያዞርንበት ቀን አለን፤ ስንገጥም ግን ሁልጊዜ ድግሱ የኛ ነው። መንቶዋ ስለ እንግዳው ከነገረችን ይልቅ ስለ ገጣሚው እጅ የነገረችን ይበልጣል። የጸሐፍትን ቃል ስናነብ ደጋግመን የምንጠይቀውም ይህ ነው፦ ጸሐፊው የትኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ስለ ሰው የሚፈርደው?

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚሁ ጉባኤ የወጡ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጎዛምን ውስጥ ተወልደው፣ በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተምረው፣ በኋላ አርበኛ፣ የጣሊያን እስረኛና ዲፕሎማት የሆኑ ሰው ናቸው። ልብ ወለዳቸው "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሥርዓቱ ገና በቦታው ነበር፤ ባላባቱ ባላባት፣ ጭሰኛው ጭሰኛ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ዘር ኩራትና ስለ ባላባት ግፍ ፊት ለፊት መናገር የሚያስከፍል ነበር። ደራሲው ነገሩን በካሳ ዳምጤ አፍ አደረጉት፤ መንደሩ "ጉዱ ካሳ" በሚለው ሰው። ቅጽል ስሙን ብቻ ማየት ይበቃል። ሰውየው የሚለው ሁሉ ልክ እንደሆነ የሚሰሙት ያውቃሉ፤ እንዳይሰሙት ግን አንድ ቃል አዘጋጅተዋል። "ጉዱ" የሚለው ስም ከካሳ ይልቅ ስሙን ስላወጡት ሰዎች ይናገራል። ማኅበረሰብ እውነት የሚናገርን ሰው ዝም ማሰኘት ሲያቅተው የሚያወጣለት ስም አለ፦ አንዴ እብድ፣ አንዴ ቀልደኛ፣ አንዴ ያኮረፈ።

ዛሬ የጉዱ ካሳ ንግግር ተቆርጦ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚጻፈው "ሐዲስ ዓለማየሁ" የሚል ነው። "ጉዱ" የሚለው ይወድቃል። የቀረው የአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ምክር ይመስላል፤ አንባቢውም አንገቱን እየነቀነቀ ይስማማል። ልብ ወለዱ ውስጥ ግን መንደሩ አንገቱን አልነቀነቀለትም። ከጥቅሱ የጠፋው ይህ ነው፦ አንተም እዚያ መንደር ብትሆን "ጉዱ" ከሚሉት አንዱ እንደምትሆን የሚያስጠረጥረው ነገር።

ፊታውራሪ መሸሻንም እንዲሁ ነው የምናበላሻቸው። በአንድ ቃል "ክፉ ባላባት" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ደራሲው ያስቀመጡት ግን ከዚያ የከፋ ነው፦ ልጃቸውን የሚወዱ አባት ናቸው። ሰብለ ወንጌልን ለጠየቃት ሁሉ "ዘሩ አይመጥናትም" እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ያልፋል። አባትየው ይህን የሚያደርጉት በጥላቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ የሚያደርጉት "ለልጄ ክብር" ብለው ነው። ወዲያ ማንኩሳ ላይ ደግሞ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ ያተርፈዋል ያሉት ስለት በኋላ በልጁ አንገት ላይ የሚከብድ ቀንበር ይሆናል። በሁለቱም ቤት ጥፋቱ የገባው በፍቅር በር ነው። እንዲህ ያለውን ግኝት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጽፎ መለጠፍ አይቻልም፤ ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይጠይቃል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ያለቀሰው ለሰብለና ለበዛብህ ነበር፤ ለፊታውራሪ ያለቀሰ ስንት ይሆን? እሳቸውን ሳያዝኑ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ግማሽ አንብቧል ለማለት ያስደፍራል።

ፊታውራሪን የያዛቸውን ነገር ለመሰየም አማርኛ የራሱ ቃል አለው፦ ይሉኝታ። ቃሉ ከ"ይሉኛል" የወጣ ነው፤ ሰዎች ምን ይሉኛል። ይሉኝታ ሕሊና ይመስላል፤ ሥራውም አንዳንዴ ያው ነው፤ ከስርቆት ያስጥላል፣ ለቅሶ ቤት ያስቀምጣል። ልዩነቱ የሚታየው ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ደራሲ ገጸ ባሕርይውን ብቻውን የሚያስቀምጥበትን ገጽ መፈለግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሰውየው ብቻውን ሲሆን የሚያደርገው ሰው ፊት ከሚያደርገው ጋር ከገጠመ ሕሊና ነው፤ ካልገጠመ ይሉኝታ ነው።

ሌላው የጎጃም ልጅ፣ የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ፣ "አልወለድም" ላይ ሌላ ሰም ሞክሯል፦ ገና ያልተወለደ ልጅ በግፍ ወደተሞላ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። መጽሐፉ ታግዷል። ከሐዲስ ጋር ሲያነጻጽሩት የአቤ ሰም ስስ ነበር ማለት ይቻላል፤ ፅንሱ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ለመለየት ቅኔ መማር አያስፈልግም። ይህ ነቀፋ ላይሆንም ይችላል። ሰምን ማሳሳት ድፍረት ነው፤ ዋጋው ግን መጽሐፉ መድረስ ላለበት ሰው ሳይደርስ መቅረቱ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ የማንኩሳው ተወላጅ በዕውቀቱ ሥዩም ሰሙን ሳቅ አድርጎታል፤ ብዙ ጊዜም የሚሳቅበት ወንበር ላይ ራሱን ያስቀምጣል። ከላይ ላነሣነው ለጋባዡ ወንበር በሽታ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። አደጋው አንባቢ ሰሙን ስቆበት ወርቁን ሳይቆፍር መሄዱ ነው፤ ሳቅ እንደ ጠላ ነው፣ ያጠግባል።

ልብ ወለድ ሰም አለው፤ የሕይወት ታሪክና ትዝታ ግን "እኔ" ብሎ ስለሚጀምር ያለ ሰም የተጻፈ ይመስላል። እዚህ ላይ የምንይዘው ሌላ መሣሪያ ነው፤ እርሳስና የግስ ዕውቀት ይበቃዋል። ከአንድ የትዝታ መጽሐፍ ተከታታይ 10 ገጽ ይመረጥ፤ ጸሐፊው ሥልጣን ላይ ወይም ጠብ ውስጥ የነበረበት ክፍል ቢሆን ይሻላል። "እኔ" ባለቤት የሆነባቸውን ግሶች (ሠራሁ፣ አስቆምኩ፣ መከርኩ) በአንድ መስመር፣ "እኛ" የሆነባቸውን በሁለት መስመር፣ በ"ተ" የሚጀምሩ አድራጊ የሌላቸውን (ተወሰነ፣ ተገደሉ፣ ስሕተት ተፈጸመ) በክብ ማመልከት ነው። ከዚያ የተከበቡት ምን ላይ እንደተከማቹ ማየት። ድልድይ ሲሠራ "አሠራሁ"፣ ሰው ሲታሰር "ታሰሩ" ከሆነ፣ ጸሐፊው ሊሸሽግ የፈለገውን ሰዋስው አውጥቶታል። መሃል ላይ የሚቆመው "እኛ" ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ምስጋና ሲካፈል የሚመጣ "እኛ" አለ፣ ጥፋት ሲካፈል የሚመጣ "እኛ" አለ። ሁለተኛው ብቻ በብዛት ከታየ መጠርጠር ነው።

አራተኛ ምልክትም አለ፤ ይህኛው ወደ ጥቅሶቹ ይመልሰናል። ጸሐፊው ስለ ራሱ እያወራ ሳለ በድንገት "ሰው እኮ እንዲህ ነው" ብሎ ወደ ጠቅላላው ከዘለለ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ዓረፍተ ነገር መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ እዚያ የተጀመረና ያልተጨረሰ ኑዛዜ ይገኛል። "ሰው ፈሪ ነው" የሚለው "ፈራሁ" ለማለት ያልደፈረ አፍ ነው። "የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች" የተባለው ለጸሐፍትም ይሠራል።

ዘዴው ልክ የማይሆንባቸው ቦታዎች አሉ። አማርኛ በ"ተ" ግስ የሚናገረው ለመሸሸግ ብቻ አይደለም፤ "ተወለድኩ" ያለ ሰው የሚደብቀው የለም፣ "ተማርኩ" ውስጥም አድራጊው ራሱ ነው። በእስር ቤት ትዝታ ውስጥ ደግሞ "ተወሰድን፣ ተገረፍን" የሚለው እውነተኛው ሁኔታ ነው፤ ገራፊው ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ስለዚህ የተከበበውን ግስ ሁሉ ከመቁጠር በፊት "አድራጊውን ጸሐፊው ማወቅ ይችል ነበር ወይ?" ብሎ መለየት ግድ ነው። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ተብሏል፤ እዚህ ላይ አያያዙን ካላወቁበት የሚቀደደው የሰው ስም ነው።

ጥቅስ የሚያጋራ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ደግሞ ቀላል ነው። ቃሉ ያለበትን ገጽ አውጥቶ ከፊቱ 3፣ ከኋላው 3 ዓረፍተ ነገር ማንበብ። እዚያ ውስጥ "አለ" ወይም "አለች" የሚል ግስ ካለ ቃሉ የገጸ ባሕርይ ነውና በደራሲው ስም አይለጠፍም፤ "ጉዱ ካሳ፣ በፍቅር እስከ መቃብር" ተብሎ ነው የሚጻፈው። የገጽ ቁጥር ከኅትመት ኅትመት ስለሚለያይ ምዕራፉን መጻፍ ይሻላል። መጽሐፉ እጅ ላይ ከሌለ፣ ጥቅሱ ሌላ ሰው ከለጠፈው ላይ የተቀዳ ከሆነ፣ መተው ነው።

ከባዕድ ቋንቋ ለተመለሰ ጥቅስ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ተርጓሚው "የሰው ባሕርይ" ሲል የትኛውን ማለቱ ነው? በቤተ ክርስቲያኑ አማርኛ ባሕርይ የማይለወጠው ነው፤ ጠባይ በአስተዳደግ ይታረማል፤ ዐመል ከመደጋገም የሚመጣ ነው፣ ምንም እንኳ "ዐመል ያወጣል ከመሐል" ቢባልም። በቴሌግራም "ሰው በባሕርዩ ቀናተኛ ነው" የሚለውን ጥቅስ አንስቶ "ባሕርዩ" ያለውን በ"ዐመሉ" መተካት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከተተካ በኋላም የሚስማማ ከሆነ፣ የተነገረን ስለ ሰው ልጅ ሁሉ አልነበረም፤ ደራሲው ስለሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎች፣ ምናልባትም ስለ አንድ ብቻ ነበር።